ድፍን ይሁን

የተማሪ ቦርሳ ዚፕ እየተረተረች ሳለ ሰውአገኝ የበረንዳውን ደረጃ ወጥቶ ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆመ። ዓይናዲስ ቀና አላለችም። ማን እንደሆነ ከጫማው አውቃለች፤ ያንን ቡናማ የተራራ ጫማ፣ ሶሉ የተነቀለ ጊዜ በወፍራም መርፌ መልሳ የሰፋችለት እሷው ነበረች።

"እንዴት አደርሽ፣ ዓይኔ?"

"ብርሃን ጋርደህብኛል። ፈቀቅ በል።"

ፈቀቅ አለ። ተሸክሞ የመጣውን ማዳበሪያ እግሯ ሥር አስቀምጦ ከውስጡ አረንጓዴ ጨርቅ ጎትቶ አወጣ። ጨርቁ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ የበረንዳውን ወለል ሞላው። ዓይናዲስ አንድ ጊዜ ማየት በቃት። ቅዱ የራሷ ነው። ስፌቱ የሌላ ሰው ነው፤ ያውም የችኩል ሰው።

የሃሞክ ሽፋን ነበር። ሃሞክ ሁለት ዛፍ ላይ ታስሮ የሚተኛበት የጨርቅ አልጋ ነው። ቆላ ላይ ቢሆን ጥላ ሥር ይወዛወዙበታል። በሰሜን ተራሮች፣ ሜዳው ውርጭ ለብሶ በሚያድርበት በሳንቃ በር፣ ከአስታ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ማደር ግን የእብድ ሥራ ነበር። ያንን እብደት ወግ ያስያዘችው ዓይናዲስ ናት። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተምራ፣ የሚቀጥራት ፋብሪካ አጥታ ጎንደር ስትመለስ፣ አራዳ ላይ በእትዬ ሐዲጃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ የስፌት መኪና ዘረጋች። በዚያች መኪና ነው ሃሞኩን ከነተኛበት ሰው ከእግር እስከ ራስ የሚውጥ፣ ነፋስና ጉም የማያስገባ ሽፋን የሰፋችው። ያን ጊዜ ሰውአገኝ ደባርቅ ላይ ቱሪስት የሚመራ አስጎብኚ ነበር። ፍቅረኛዋም ነበር። ሁለተኛውን አሁን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ ወንድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሽፋኑ ግን የእሷ ነበር።

ናሙናውን "ለሰዎች ላሳያቸው" ብሎ ወሰደው። ከወራት በኋላ እትዬ ሐዲጃ ሱቅ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን አየችው፤ ሽፋኑን ትከሻው ላይ እንደ ጋቢ ጣል አድርጎ፣ የወጣቶች ፈጠራ ውድድር አሸናፊ ተብሎ ዋንጫ ሲቀበል። ፀዳ ላይ የማምረቻ ሼድ እንደተሰጠውም ተነገረ። ጋዜጠኛዋ "ማን ሰፋው?" ብትለው ሳቅ አለ።

"ሐሳቡ የኔ ነው። ለአንዲት ልብስ ሰፊ አዝዤ አሰፋሁት።"

አንዲት ልብስ ሰፊ። ስም እንኳ አልነበራትም። ዓይናዲስ ያን ቀን አላለቀሰችም። የያዘችውን ሱሪ አሳጥራ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ለባለቤቱ አስረከበች። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ስትጠብቅ ኖረች፤ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን። እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበረች። የሰረቀው የሥራዋን ግማሽ ብቻ ነበርና።

"ችግር ገጥሞኛል" አለ ሰውአገኝ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። "እንግዶቹ ጠዋት የሚነሱት በስብሰው ነው። የሚገቡበት የመኝታ ከረጢት፣ ስሊፒንግ ባጉ ሳይቀር ይጨመቃል። ሽፋኑ ጉም ያስገባል ማለት ነው። ፀዳ ያሉት ልጆች እንዳንቺ አይጠነቀቁም።"

እትዬ ሐዲጃ ከባንኮኒው ጀርባ አንገቷን አሰገገች። "ማነው? ቴሌቪዥናችን መጣ እንዴ?"

"እንዴት ነዎት፣ እትዬ ሐዲጃ?"

"እኔማ አለሁ። አንተ ግን በአካል ስትታይ ታንሳለህ፣ ልጄ። እዚያ ላይ ወፈር ብለህ ነበር።"

ሰውአገኝ ሳቀላት። መሳቅ አይከብደውም ነበር። ወዲያው ወደ ዓይናዲስ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከአዲስ አበባ ምስጢር የምትባል የአስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ መጥታለች፤ የተራሮቹ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ እንግዳ ልታመላልስ ቦታ እያየች ነው። ዛሬ ሳንቃ በር ታድራለች። ሽፋኑ ከጣማት በየማረፊያ ሰፈሩ ለምትተክለው መኝታ ሁሉ ከእሱ ልትወስድ ነው። ካልጣማት ግን ሌላ ዕድል አትሰጠውም።

"ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? 'አንተው ራስህ እደርበት፣ ጠዋት አይሃለሁ' አትለኝ መሰለሽ!"

"እስከ ዛሬ አድረህበት አታውቅም?"

"መቼ ጊዜ አግኝቼ? ደግሞ አልጋ የሚሠራ ሁሉ ይተኛበታል እንዴ?"

ዓይናዲስ ሽፋኑ የተሞከረበት ሌሊት ትዝ አላት። እሱ በጠባቂዎቹ ጎጆ እሳት ዳር ተኝቶ አደረ። እሷ ከውጭ፣ ሃሞኩ ውስጥ። የመጀመሪያው ሽፋን ድፍን ነበር፤ መተንፈሻ አላደረገችለትም። ሆን ብላ አልነበረም፤ ልማድ ነው። የደጋ ሰው ሲተኛ ጋቢውን እስከ አናቱ ይከናነባል። ፊቱን ገልጦ የሚተኛ አረቄ ያሸነፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቷ እንደምትተኛው እንድትተኛ አድርጋ ሰፋችው። ጎህ ሲቀድ ጨርቁ በውስጥ በኩል በረዶ ጋግሮ አገኘችው። ፀሐይ ስትነካው ቀልጦ ፊቷ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ያን ጊዜ ገባት። ውሃው ከጉም አልመጣም፤ ከራሷ አፍ ነው የመጣው። ጋቢ ትንፋሽ ይጠጣል፣ ያሳልፋልም። ፕላስቲክ የተቀባ ጨርቅ ግን የሰጡትን ሁሉ መልሶ ይደፋዋል። ጎንደር ተመልሳ አፍ በሚውልበት በኩል መስኮት ቀደደችለት፤ በአጎበር ጨርቅ ሸፈነችው፤ ዝናብ እንዳይገባበት ከላይ ክዳን አንጠለጠለችበት። እዚያው ወስዳ ዳግመኛ ስትሞክረው ደረቅ አደረች።

ሰውአገኝ ከእሳቱ ዳር ተነስቶ መስኮቷን ሲያይ "ታምራለች" ብሎ ነበር። ሌላ የጠየቀው ነገር አልነበረም።

አሁን ጎንበስ ብሎ በጣቱ የጨርቁን አናት እየነካ አሳያት። "ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ የነበረችውን መስኮት እኔ ነኝ ያስተውኳቸው። በዚያ ብርድ ማን አፉን ከፍቶ ይተኛል? አሁን ደግሞ የቀረውን ሁሉ ትዘጊልኛለሽ። በአዲስ ጨርቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ። ሁለት ነው የምፈልገው። ዚፑ ድርብ ሽፋን ይኑረው። ስፌቱን በሻማ እሺልኝ። ጠብ የሚል ነገር እንዳይኖር። ድፍን ይሁን።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

ዓይናዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። "ሰውአገኝ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አጣርተሃል?"

"ከየት ይመጣል? ከጉሙ ነዋ!" ትዕግሥቱ አለቀ። "አንቺ ስፌቱን ስፊልኝ። ሐሳቡን ለኔ ተይው።"

እትዬ ሐዲጃ ስትለካው የነበረውን ጨርቅ ለቀቀችው።

"እሺ" አለች ዓይናዲስ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጣፈጣት።

"ተባረኪ። እኔ ቀድሜ እወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ እቃ ጭኖ ይመጣል። የሳንቃ በሩ አያ ክንዱም ለሐኪም መጥተው እዚሁ ናቸው፤ በዚያው መኪና ስለሚሄዱ ለሳቸው ስጪልኝ።"

ደረጃውን ሲወርድ እያፏጨ ነበር።

እትዬ ሐዲጃ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "አንቺ! መቀስ በእጅሽ ይዘሽ ዝም አልሽው?"

"ያዘዘኝን እሰፋለሁ፣ እትዬ።"

"መስኮቷን ሳታደርጊ?"

"ድፍን ይሁን ብሏል። እርስዎም ሰምተዋል።"

ሐዲጃ ትኩር ብላ አየቻት። ያኔ የመስኮቷን የአጎበር ጨርቅ ቆርጣ የሰጠቻት እሷ ናት፤ ለምን እንደሆነም ሰምታለች። ቀስ እያለ ከትከት ያለ ሳቅ ያዛት። "አላህ ካንቺ ይጠብቀኝ። ልጁ በገዛ ትንፋሹ ሊሰምጥ ነው።"

"አይሰምጥም። ይረጥባል። ጎጆው አጠገቡ ነው፣ እሳትም አለ። ሴትዮዋ ፊት ግን ይረጥባል።"

"ሁለተኛውስ ለማነው?"

"ከአስጎብኚ ልጆቹ ለአንዱ ይሆናላ። ሁሉም እሱን መሳይ ናቸው።"

እንደዚያ ቀን አጥብቃ ሰፍታ አታውቅም። አዲሱን ጨርቅ በልኩ ቀደደች። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሰፋችው፤ ሻማውን ስፌቱ ላይ እያሸች ከበላዩ ወረቀት አድርጋ በካውያ አቀለጠችው። ዚፑን ደረበችለት። የሚያፈስ ነገር የለውም፤ ውሃ ቢሞሉት እንደ ጋን ይይዛል። በሰፋች ቁጥር ጠዋቱ ይታያታል። ሴትዮዋ ሻይዋን ይዛ ከሃሞኩ አጠገብ ትቆማለች። ዚፑ ይከፈታል። ሰውአገኝ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፎ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብቅ ይላል። ምን ይላታል? "ሐሳቡ የኔ ነው" ይላት ይሆን? ይህን ስታስብ መኪናዋን የምትረግጥበት እግሯ ሳታውቀው ይፈጥናል።

እትዬ ሐዲጃ ሰግዳ ስትመለስ ምሳ አመጣችላት። ዓይናዲስ በግራ እጇ እየጎረሰች በቀኟ ክር ስታሰካ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

"ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ ስትደክሚ አይቼሽ አላውቅም።"

"ለሙሽራ የዚህን ያህል አላስብላትም፣ እትዬ።"

ሁለተኛውን ሽፋን ልትጨርስ ስትል አያ ክንዱ ደረሱ። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በሌላው የመድኃኒት ፌስታል ይዘዋል። ከፓርክ ጥበቃ ጡረታ ወጥተው ሚጭብኝ በሚባለው መንደር ይኖራሉ። ደረጃውን ወጥተው ሳይጨርሱ ሳል ያዛቸው። ሳሉ ከጥልቅ የሚመጣ፣ ሲወጣም የሚጎትት ዓይነት ነበር። ዓይናዲስ ተነስታ በርጩማዋን አቀረበችላቸው።

"እንዴት ሰነበቱ፣ አያ ክንዱ? ሐኪሙ ምን አለ?"

"ሳንባህ ገና አልዳነም አለኝ። ብርድ እንዳይነካህ አለኝ። የምኖረው ሳንቃ በር ሥር ነው አልሁት። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። ሸጋ ሐኪም ነው፤ ዝም ማለት ያውቃል።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "እስቲ መኝታዬን አሳዪኝ።"

"የምን መኝታ?"

"ይኸ አይደለም እንዴ? አንደኛው ለሰውአገኝ፣ አንደኛው ለኔ።"

ዓይናዲስ የያዘችውን ክር ለቀቀችው። "ለእርስዎ?"

"ሴትዮዋ 'አንተ ጎረምሳ ነህ፣ የትም ታድራለህ፤ የኔ እንግዶች ግን ዕድሜያቸው የገፋ ነው' አለችው። 'ሽማግሌም አለኝ' አላት። በቃ፣ እንደ በግ ተመረጥሁ።"

"ታመው ሳሉ? ምነው እምቢ አይሉትም?"

"ልጄ የሚበላው ከሱ ነው። እኔ እምቢ ብል ልጁ ከሥራ ይባረራል። አንድ ሌሊት ነው፤ ያልፋል።"

በሒሳቧ ውስጥ ሽማግሌ አልነበረም። ጠዋቱን ደጋግማ ስታየው ከሁለተኛው ሽፋን የሚወጣ ሰው ፊት አልነበረውም። አሁን ፊት አወጣ፤ የታመመ ሳንባም ጭምር።

አያ ክንዱ ሽፋኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሻካራ መዳፋቸው ከአናቱ ጀምረው ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው ዳሰሱ።

"መስኮቷ ወዴት ሄደች?"

ዓይናዲስ የወደቀውን ክር ከወለሉ አነሳች።

"ያን ቀን ጠዋት ከወንዝ እንደወጣ ድመት ሆነሽ ስትነሺ ጋቢዬን ያለበስሁሽ እኔ አይደለሁም? ጥርስሽ እየተንቀጫቀጨ 'ትንፋሼ ነው፣ አያ ክንዱ፣ ትንፋሼ ነው' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? እስከ ዛሬ ለሚስቴ ሳወራላት ትስቃለች።"

"ድፍን ይሁን ብሎ አዘዘኝ።"

"አልነገርሽውም?"

"ከየት እንደሚመጣ አጣርተሃል ወይ አልኩት። ሐሳቡን ለኔ ተይው አለኝ።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪበርድላቸው ጠበቀቻቸው። ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

"ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይላሉ አበው። ሳሉ የኔ፣ ቂሙ ያንቺ። ሁለታችንም ለጽድቅ አልተፈጠርንም።"

ዓይናዲስ አልሳቀችም። ምላጭ አነሳች። ቅድም ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ ሻማ አቅልጣ ያጠበቀችውን ጨርቅ፣ አፍ በሚውልበት በኩል አንድ ጊዜ በረጅሙ ሸነተረችው። እጇን ወደ ሱቁ ብትዘረጋ እትዬ ሐዲጃ የአጎበሩን ጨርቅ ቆርጣ፣ ሳትጠየቅ ይዛ ቆማለች። አጎበሩን ሰፋች፣ ክዳኗን አንጠለጠለች፣ ጠርዙን ዘመዘመች።

"ይኸኛው የእርስዎ ነው። አፍዎን ከመስኮቷ አያርቁ። እንደ ቤትዎ እንዳይከናነቡ፣ አደራ።"

"ሰውአገኝ ቢለውጥብኝስ?" አሉ አያ ክንዱ።

"አይለውጥብዎትም። ቀዳዳ ካየ አይነካውም።"

"እውነትሽን ነው።" ወለሉ ላይ የቀረውን ሌላኛውን ሽፋን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። "የሱንስ?"

ምላጩ ገና በእጇ ነው። የአጎበሩ ጨርቅም ተርፏል። አንድ ጊዜ ሸንትራ፣ ጥቂት ብትሰፋ ያልቃል። ሰውአገኝ ደረቅ ያድራል፤ ሴትዮዋ ትደሰታለች፤ የሚቀጥለው ዋንጫም የሱ ይሆናል። እትዬ ሐዲጃና አያ ክንዱ እጇን ያያሉ።

ስልኳ ጠራ። እሱ ነው።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።" አንድ ዕድል ልትሰጠው ወሰነች። አንድ ጊዜ ብቻ። "የአያ ክንዱ ላይ ግን መስኮት አውጥቼበታለሁ። ሳንባቸው ታሟል።"

ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩንባና የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ጠበቀችው። ሳንባና መስኮት ምን አገናኘው ቢላት፣ ለምን ብቻ ቢላት፣ ትነግረው እንደሆን ራሷም አታውቅም።

"ለሽማግሌው እንደፈለግሽ አድርጊ" አለ። "በብርድ ቢንቀጠቀጥ ያንቺ ጥፋት ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ ለሴትዮዋም እንደዚያው ነው የምነግራት። የኔ ግን ድፍን ነው፣ አይደል?"

"ድፍን ነው። ልክ እንዳዘዝከኝ።"

"ጎበዝ።" ዘጋው።

ዓይናዲስ ምላጩን አጥፋ መሳቢያው ውስጥ ከተተች። የሰውአገኝን ሽፋን ከወለሉ አንስታ አቧራውን አራገፈች፤ ለገበያ እንደሚቀርብ ዕቃ እኩል እኩል አጥፋ፣ ጠቅልላ፣ በገመድ አሰረችው። ቋጠሮው ላይ ሁለት ጊዜ ሳበች።

"እኔ አልሰማሁም" አሉ አያ ክንዱ ወደ መንገዱ እያዩ። "ዕድሜ ልኬን ጆሮዬ ሥር ጠመንጃ ሲጮህ ኖሬ፣ አሁን ምን ይሰማኛል።"

የጭነት መኪናዋ ጥግ ይዛ ጥሩንባ ነፋች። ሹፌሩ እጁን በመስኮት አውጥቶ ሽማግሌውን ጠራ። ዓይናዲስ ሁለቱን ጥቅሎች ብብቷ ሥር አድርጋ እሳቸውን በክንዳቸው ደግፋ ደረጃውን ወረደች። ሹፌሩ እቃውን ተቀበላት፣ በሩንም ለሽማግሌው ከፈተላቸው።

"ጋቢናው ስንት ሰው ይይዛል?" አለችው።

"ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ሦስት። ምነው?"

መልስ ሳትሰጥ ወደ በረንዳው ተመለሰች። የስፌት መኪናዋን በላስቲክ ሸፈነች። እትዬ ሐዲጃ አፏን ይዛ ታያታለች።

"አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ወዴት ነው?"

"ሳንቃ በር። ነገ ከሰዓት በፊት እመለሳለሁ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ዚፑ ሲከፈት እዚያ መሆን እፈልጋለሁ። ሴትዮዋ የሽማግሌውን ደረቅ፣ የጎረምሳውን እርጥብ ስታይ 'ይኸን ማን ሰፋው?' ማለቷ አይቀርም።"

"ታዲያ አያ ክንዱ አይነግሯትም?"

"እኔው እነግራታለሁ።"

ሹራቧን ከሚስማሩ ላይ አወረደች። ቀኑን ሙሉ አንገቷ ላይ ያደረገችውን ሜትር አውልቃ ወደ መሳቢያው ልትመልስ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ተወችው። አንገቷ ላይ እንዳለ ሹራቧን ደረበችበትና ወደ መኪናው ሄደች።